ከሐርላ ፍርስራሽ እስከ ድሬዳዋ ቻርተር፦ የአንድ ሰፈራ ታሪክና ያልተቋጨ ሕጋዊ አቋም

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ የደንገጎን ዳገት ከመያዙ በፊት፣ በማሽላ ማሳና በጫት ተክል መካከል ሐርላ የምትባል መንደር ትገኛለች። የመንደሩ ገበሬ መሬቱን ሲቆፍር የተጠረበ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የመስተዋት ዶቃና የባዕድ አገር ሳንቲም ሲያገኝ ኖሯል። እነዚያን ከባድ ድንጋዮች ተራ ሰው ሊያነሣቸው አይችልም በማለትም ሥራውን ቀድሞ በምድሪቱ ለኖሩ ግዙፋን ሰዎች ሲሰጥ ቆይቷል። የአካባቢው ሕዝብ ሐርላ የሚላቸው እነዚህን ነው።

በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል፣ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር በሥፍራው ያካሄዱት ቁፋሮ ውጤት በ2009 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲገለጥ የግዙፋኑ ተረት ማስረጃ አጣ። በምትኩ የተገኘው ግን ከተረቱ ያነሰ አልነበረም። በ12ኛው ምእት ዓመት የተሠራ መስጊድ፣ የእስላም መቃብሮች፣ የዶቃና የጌጥ መሥሪያ ቦታ፣ ከግብፅ የመጣ የ13ኛው ምእት ዓመት ሳንቲም፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ከአፈሩ ወጡ። የመስጊዱ አሠራር በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጋር ተመሳሳይነት አለው። ከእነዚህ ሁሉ የሚነበበው ሐርላ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የተገናኘች የነጋዴዎችና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ከተማ እንደነበረች ነው።

ይህ ጥንታዊ ሰፈራ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ክልል ውስጥ ይገኛል። የድሬዳዋ አስተዳደር ደግሞ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰ፣ ሁለት ክልሎች የኔ ነው የሚሉት፣ ነገር ግን ለሁለቱም ያልተሰጠ መሬት ነው። እንግዲህ ስለ ድሬዳዋ ባለቤትነት የሚነሣው ክርክር ዘወትር ወደ ታሪክ መዞሩ አያስደንቅም። ቀድሞ የሰፈረ ማነው? ስሙን ያወጣ ማነው? ከተማውን የቈረቈረ ማነው? እየተባለ ይጠየቃል። ታሪኩ ምን ይላል፣ ሕጉስ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውን? የሚለውን ለይቶ ማየት ግን ብዙ ጊዜ አልተለመደም።

ስምና ሰፋሪ

ሐርላ የሚለው ስም በ14ኛው ምእት ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ16ኛው ምእት ዓመትም የኢማም አሕመድን ዘመቻ በሚተርከው በፍቱሕ አል ሐበሻ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደ ሕዝብ ከታሪክ መድረክ እየተሰወረ ሄደ። ይሁን እንጂ ወራሽ አላጣም። በሐረር ከተማ ሐርላን ከአደሬው ጥንተ ትውልድ የሚያያይዝ ትውፊት አለ። በሶማሌ ጎሣዎች መካከል በዚሁ ስም የሚጠራ ወገን ይገኛል። በአፋርም በኩል ስሙ አልጠፋም። በዛሬይቱ ሐርላ መንደር የሚያርሰውና የሚኖረው ደግሞ የኦሮሞ ገበሬ ነው። ስለዚህ የፍርስራሹን ድንጋይ እንደ ርስት ማስረጃ ይዞ ለመቅረብ የሚሻ ሁሉ፣ ከጎኑ ያንኑ ድንጋይ የያዙ ሌሎች ሦስትና አራት ተከራካሪዎችን ያገኛል።

የድሬዳዋ ስምም እንዲሁ ነው። በሶማሌኛ ሲተረጎም የጎሣው አባት ዲር ጦሩን የተከለበት ቦታ ማለት ነው ይባላል። በኦሮምኛ ሲተረጎም ደግሞ ድሬ ሜዳ መሆኑ ይጠቀስና ስሙ የፈውስ ሜዳ ማለት ነው ይባላል። ሁለቱም ትርጓሜዎች በየወገናቸው የታመኑ ናቸው። ከሁለቱ አንደኛውን መምረጥ የቋንቋ ጥናት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ውሎ አድሮ የፖለቲካ ወገን መያዝ ሆኗል።

ከተማዋ ከመቈርቈሯ በፊት ሜዳው ባዶ አልነበረም። የኢሳና የጉርጉራ ከብት አርቢዎች፣ ከተራራው ግርጌ ደግሞ የኖሌና የሌሎች የኦሮሞ ጎሣዎች ገበሬዎች በየወቅቱ ይጠቀሙበት ነበር። ጉርጉራዎቹ ራሳቸው በሶማሌና በኦሮሞ መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ያሳያሉ፤ የዘር ሐረጋቸውን ከሶማሌ ሲቈጥሩ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የግመል ቅፍለት የሚያርፍበትና ቀረጥ የሚከፍልበት ሥፍራ ግን ድሬዳዋ ሳይሆን ጀልዴሳ ነበር። ጀልዴሳን ግብፆች ሐረርን በያዙበት ዘመን፣ ከጨለንቆ ጦርነት ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የራስ መኰንን አስተዳደር ይጠቀምባት ነበር። ይህችን የቆየች የንግድ በር ያስረሳት የባቡር ሐዲድ ነው።

በውል የተወለደች ከተማ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ያቋቋሙት ኩባንያ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያው አሳብ ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ነገር ግን ከሜዳው ወደ ሐረር ደጋ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከኩባንያው አቅም በላይ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው በግርጌው አለፉ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ ላይ ጣቢያና የጥገና ፋብሪካ ተሠራ፤ ሥፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ። ስሙ አልጸደቀም፤ ድሬዳዋ የሚለው የአገሬው ስም አሸነፈ።

ከተማዋ ከጅምሯ ሁለት ነበረች። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ኩባንያው በቀጥታ መስመር የቀየሰው፣ ዛፍ የተተከለበት ከዚራ ቆመ። በሌላው ወገን ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው እንደ አመጣጡ የሠፈረበት መጋላ አደገ። ፈረንሳዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና ዓረቡ፣ ከአገር ውስጥ ደግሞ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አደሬውና ጉራጌው በአንድ ሐዲድ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ሕጋዊ አቋሟም እንዲሁ የተከፈለ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የገንዘብ ስምምነት በማድረጉ ምኒልክ እጅግ ተቈጡ፤ የንግድ ውል የነበረው ነገር የባዕድ መንግሥት እጅ ማስገቢያ እንዳይሆን ሠጉና። ኩባንያውም በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከሠረ። በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል አዲስ መንገድ ከፈተ። በዚህ ውል መሠረት የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ቆንሲላቸው ይዳኛቸው ነበር። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንሲሉ ጋር ተቀምጦ ይፈርድ ነበር። በዚህም የተነሣ በአንዲት ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በሁለት ሕግ ይተዳደሩ ጀመር። ስለ ድሬዳዋ ልዩ አቋም ሲነገር ነገሩ በዘመናችን የተጀመረ የሚመስላቸው ይህን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ከጠላት ወረራ በኋላም የሐዲዱ ዕጣ ወዲያው አልተፈታም። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ኦጋዴንና የባቡሩ መስመር በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቆዩ። ባቡሩ ከዚህ የወጣው በ1937 ዓ.ም. በተፈረመው ሁለተኛ ስምምነት ነው። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ውል የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የባለቤትነቱም ድርሻ ለሁለቱ መንግሥታት እኩል ሆነ። በዚህን ጊዜ ድሬዳዋ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የኢሳና ጉርጉራ አውራጃ መቀመጫ ነበረች። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ የቀረው የኩባንያና የባለ ርስት የግል ይዞታ ጥያቄም በሕግ ተዘጋ። የቦታው የግል ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ በዚህ አበቃ፤ የቦታው አስተዳዳሪ ማነው የሚለው ግን ገና አልተነሣም ነበር።

ከራስ ገዝ ወደ ቻርተር

ጥያቄውን ያፋፋመው ጦርነት ነው። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ከከተማው ደጃፍ ላይ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ሲመሠረት፣ በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በወጣው አዋጅ አምስት ራስ ገዝ አካባቢዎች ተቋቋሙ። እነዚህም ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ኦጋዴንና ድሬዳዋ ነበሩ። ድሬዳዋ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች አካባቢ ስትሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አደረጃጀቱም አብሮ ወደቀ።

በሽግግሩ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልሎች በብሔር ብሔረሰብ መሠረት ሲደራጁ ድሬዳዋ የሁለት ወገን ጥያቄ ሆነች። የኦሮሚያም የሶማሌም ክልል ከተማይቱን ይገባኛል አሉ። መንግሥት ለአንደኛው መፍረድን ትቶ ከተማይቱን በዙሪያዋ ካለው ገጠር ጋር ለማዕከሉ ተጠሪ አደረጋት። ይህ መፍትሔ ለጊዜው ደም ከመፋሰስ ያዳነ እንደነበረ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ለጊዜው የተባለው ነገር ጊዜውን አላወቀም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 የፌዴሬሽኑን ዘጠኝ አባል ክልሎች በስም ዘረዘረ። በአንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ደነገገ፤ ነዋሪዎቿ ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው፣ ተጠሪነታቸውም ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ገለጠ። ስለ ድሬዳዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። የድሬዳዋ አስተዳደር ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው።

የሕግ ሰዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን፣ የፌዴሬሽኑ መሬት በአባል ክልሎች የተከፋፈለ ነው፤ ከዚህ ውጭ የሆነ መሬት ለመፍጠር ሕገ መንግሥቱ የፈቀደው ለአዲስ አበባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተራ አዋጅ ሕገ መንግሥቱ ያላወቀውን አስተዳደር ሊያቆም አይችልም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሁለት ክልሎች የሚከራከሩበት መሬት ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ያለ መንግሥት ሊያድር አይችልም፤ የቻርተሩም አዋጅ ይህንኑ ክፍተት የሞላ ነው ሲል ይመልሳል። የሁለተኛው ክርክር ብርታት በአስፈላጊነቱ ላይ ነው። ድካሙም ከዚያው ይመነጫል፤ አስፈላጊነት ለጊዜያዊ ነገር እንጂ ለዘለቄታ መሠረት አይሆንምና።

ይህ የምሁራን ክርክር ብቻ እንዳይመስል የነዋሪውን ኑሮ መመልከት ይበቃል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲያስችል ደነገገ። ጋብቻን፣ ፍቺንና ልጅን በሚመለከት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑ አስተዳደሮች የሚጸና በመሆኑ በድሬዳዋ ይሠራል። ስለዚህ የሐርላ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ቢጣላ ወይም ስለ ንብረት ቢከሰስ የሚዳኝበት ሕግና የሚቀርብበት ችሎት፣ ከአስተዳደሩ ወሰን ማዶ በኦሮሚያ ክልል ካለው ዘመዱ ይለያል። ልዩነቱ የመጣው የሁለት ክልሎች ክርክር ባለመቋጨቱ እንጂ እርሱን ጠይቆት የመለሰ ኖሮ አይደለም።

አርባ፣ አርባና ሃያ

በቻርተሩ ዘመን የአስተዳደሩን ሥልጣን ለመከፋፈል የተሠራበት ስሌት በሕዝቡ ዘንድ አርባ፣ አርባ፣ ሃያ በመባል ይታወቃል። ከመቶ 40 ለኦሮሞው ድርጅት፣ 40 ለሶማሌው ድርጅት፣ የቀረው 20 ለሌሎች ማለት ነው፤ ከንቲባነቱም በሁለቱ መካከል ይፈራረቅ ነበር። ይህ በገዥው ግንባርና በአጋሩ መካከል የተደረገ የፖለቲካ ስምምነት ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪ ቍጥር 342,000 ገደማ ሲሆን ከሦስት እጅ ሁለት የሚበልጠው በከተማው ይኖር ነበር። ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ያህሉ ሶማሌ፣ 20 ያህሉ አማራ ነበር፤ ጉራጌውና ሌላው ከዚያ ይከተላል። ይህን ቍጥር ከስሌቱ ጎን ላቆመው ሰው ስሌቱ ለሕዝብ ብዛት መስፈሪያ እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል። ስሌቱ የሠፈረው የሁለቱን ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ነው፤ ክርክሩን በፍርድ ከመዝጋት ይልቅ በሹመት አካፈለው። በከተማው ተወልዶ ያደገ፣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሰው በገዛ ከተማው ሃያው እጅ ውስጥ ተሻምቶ መኖር ግዴታው ሆነ። ከኦሮሞና ከሶማሌ የተወለደውስ በየትኛው እጅ ይቈጠር? በ2011 ዓ.ም. የከተማው ወጣቶች ስሌቱን በአደባባይ መቃወማቸው ከዚህ የመነጨ ነው። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ የቀድሞ አባልና አጋር ድርጅቶች አንድ ፓርቲ ሲሆኑ ስሌቱን ያቆመው የድርጅቶች ስምምነት መሠረቱን አጣ። የከተማይቱ ሕጋዊ አቋም ግን በዚህ አልተለወጠም።

ከሌላው ዓለም

ሁለት ወገን የሚሟገትባት ከተማ በኢትዮጵያ ብቻ ያለች አይደለችም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1966 የፑንጃብን ክፍለ አገር ስትከፍል ቻንዲጋርን ፑንጃብም ሀርያናም ዋና ከተማዬ ናት አሉ። ከተማይቱ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆና ለሁለቱም መቀመጫ ተደረገች፤ ጊዜያዊ የተባለውም መፍትሔ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ዘለቀ። በቦስኒያ ደግሞ የብርችኮ ከተማ ለማን እንደምትሆን የዴይተን ስምምነት ሳይወስን ለግልግል ዳኞች ተወው። ዳኞቹ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 በሰጡት የመጨረሻ ውሳኔ ከተማይቱን ለአንደኛው ወገን አልፈረዱም፤ የሁለቱም የጋራ መሬት ሆና ግን በራሷ አስተዳደር እንድትተዳደር አደረጉ። ብርችኮ የድሬዳዋ ታናሽ እኅት ትመስላለች። ልዩነታቸው የብርችኮ አቋም በፍርድ የተሰጠ መሆኑ ላይ ነው፤ ነዋሪው ከተማው የማን እንደሆነች ቢጠየቅ የሚጠቅሰው ውሳኔ አለው።

ሕጉ የሚጠይቀው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም መንገዱን አላጣም። አንቀጽ 48 የክልሎች ወሰን ክርክር ቢነሣ ክልሎቹ ራሳቸው እንዲስማሙ፣ መስማማት ካልቻሉም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሠፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲወስን፣ ይህንንም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲፈጽም ያዛል። በዚሁ መሠረት በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ በሆኑ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል። የድሬዳዋ ከተማ ጥያቄ ግን በዚያ አልተካተተም።

የአንቀጹ ሁለት መመዘኛዎች አሠፋፈርና ፍላጎት መሆናቸው በጥሞና ሊታይ ይገባል። አንቀጹ ቀድሞ የመጣው ማነው ብሎ አይጠይቅም። ጦሩን የተከለውን ዲርን፣ ሜዳውን ድሬ ያለውን እረኛ፣ ሐዲዱን የዘረጋውን ኩባንያ ወይም መስጊዱን የሠራውን የሐርላ ግንበኛ ለምስክርነት አይጠራም። የሚጠይቀው ዛሬ በመሬቱ ላይ የሚኖረውንና ነገ እንዴት ሊተዳደር እንደሚሻ የሚናገረውን ሰው ነው። እንግዲህ በታሪክ ስም የሚቀርበው የባለቤትነት ክርክር፣ ታሪኩ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሕጉ ላነሣው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ይህ ማለት ታሪክ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የሐርላ ቁፋሮ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ምድር ላይ ከተማ የቆመው ከሩቅና ከቅርብ የመጡ ሰዎች በአንድ ገበያ ሲገናኙ ነው። የሐርላ ዶቃ ሠሪዎች እንዲህ ኖረዋል፤ የመጋላ ነጋዴዎችና የከዚራ ባቡር ሠራተኞችም እንዲሁ። ድሬዳዋ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና ሥራ የጀመረባት ከተማ ስትሆን ይኸው የቆየ ጠባይዋ ቀጠለ። የኢንዱስትሪው ቦታ በሰፋ መጠን የመሬት ዋጋ ይጨምራል። የመሬት ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የአስተዳዳሪው ማንነት ይበልጥ ያከራክራል፤ ውሳኔውን ማዘግየትም በየዓመቱ ይከብዳል።

ድሬዳዋ ከተቈረቈረች ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚህ ዘመን ውስጥ የባቡር ኩባንያ፣ የውጭ ቆንሲል፣ የጦር አስተዳደር፣ አውራጃ፣ ራስ ገዝና ቻርተር ተፈራርቀውባታል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም በነዋሪዎቿ ድምፅ የመጣ አይደለም። የከተማይቱ ሰዎች ለኦሮሚያ፣ ለሶማሌ፣ ለፌዴራል ወይም ለራሳቸው መሆንን ይመርጡ እንደሆነ በሕዝበ ውሳኔ ተጠይቀው አያውቁም። ያልተቋጨው ሕጋዊ አቋም የሚቋጭበት ቀን ቢመጣ፣ ከየትኛውም መልስ በፊት መቅደም ያለበት ይህ ጥያቄ ነው።